መጠይቅ ወይስ የባለሙያ ምልከታ?

ልጅ በስሙ ሲጠራ ዞር አልል ካለ፣ ኦቲዝምን ለመለየት ከሚያግዙ መንገዶች ሁለቱን እናወዳድር። አንደኛው ኤም-ቻት የሚባለው የወላጆች መጠይቅ ነው፤ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ፣ 20 አጫጭር ጥያቄዎች ያሉት። ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ስጋት ጠቋሚ መልሶቹ ከ3 እስከ 7 ከሆኑ ተጨማሪ ጥያቄዎች ይከተላሉ፤ 8 ከደረሱ ልጁ በቀጥታ ወደ ምርመራ ይላካል። መጠይቁ «ይመርመር» ይላል እንጂ «ኦቲዝም ነው» አይልም።

ሁለተኛው፣ ኤዶስ የሚባለው የባለሙያ ምልከታ ግን ሌላ ነው። የሠለጠነ ባለሙያ ከልጁ ጋር ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ይጫወታል። የሳሙና አረፋ ይነፋና ድንገት አቁሞ ይጠብቃል። ልጁ ዓይን ዓይኑን እያየ እንዲደግምለት ይጠይቃል? በጣቱ ያመለክታል? ወይስ የባለሙያውን እጅ እንደ ዕቃ ይዞ ወደ አረፋው ጠርሙስ ይገፋል? ይህችን ቅጽበት እናት ከመልመዷ የተነሳ ላታስተውላት ትችላለች። ኤዶስም ቢሆን ከልጁ የእድገት ታሪክ ጋር ይገናዘባል እንጂ ብቻውን አይወስንም።

የሠለጠነ ባለሙያ ጥቂት በሆነበት በአገራችን በመጠይቁ መጀመርን እመርጣለሁ። ውጤቱ ዝቅ ብሎም ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ግን «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም» በሚል ማጽናኛ አትዘናጉ፤ ምርመራውን ጠይቁ። ወረፋ እየጠበቃችሁም የንግግርና የጨዋታ ድጋፉን ጀምሩለት።