አሮጌ የብረት ጀልባዬን ማደሪያ ያደረገልኝ የጥገና ቤት

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ሰውና ጭነት ስታመላልስ የኖረች 11 ሜትር የምትረዝም የብረት ጀልባ ገዝቼ፣ አራት ሰው የሚያድርባት ተንሳፋፊ ቤት እንድትሆን በጣና ዳር ለሚገኝ የብየዳና የጀልባ ጥገና ቤት ሰጥቼ ነበር። ሥራው ተጠናቅቆ አንድ ዓመት ስለተጠቀምኩባት፣ የቤቱን ስም ሳልጠቅስ ያየሁትን ልጻፍ።

በብረት ሥራቸው እጀምራለሁ፤ እንከን ያላገኘሁበት እሱ ብቻ ነውና። ዋናው በያጅ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ቀለሙ ከመፋቁ በፊት ትንሽ መዶሻ ይዘው ከጀልባዋ ሥር በጀርባቸው ተኝተው ላሜራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየመቱ አዳመጡ። ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የሳሳው እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ይፈዛል፤ በፈዘዘበት ሁሉ በጠመኔ አከበቡበት። የጣና ውኃ ጨው ስለሌለው ብረትን እንደ ባሕር ውኃ ቶሎ አይበላም። ጉዳቱ የከፋው ከውስጥ፣ ከወለሉ ሥር ናፍጣ የተቀላቀለበት ውኃ ለዓመታት በተጠራቀመበት ቦታ ነበር። በአሮጌው ላይ አዲስ ላሜራ ደርቦ መበየድ ፈጣንና ርካሽ ቢሆንም፣ በመካከሉ እርጥበት ስለሚቀርና ጀልባዋንም ስለሚያከብዳት አይሆንም ብለው፣ የሳሳውን ቆርጠው አውጥተው በልኩ ባለ 5 ሚሊሜትር ላሜራ ተኩ። በሐይቁ እምቦጭ መስፋፋቱን አስበውም፣ በሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ መሳቢያ ላይ እየተከፈተ የሚጸዳ ወንፊት ሳልጠይቃቸው ጨመሩልኝ።

የጊዜ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ቤቱ ክሬን የለውም፤ ጀልባ የሚወጣው ሐይቁ በሚሞላበት በጥቅምት ግንድ ላይ ተጎትቶ ሲሆን፣ ከዚያ ውኃው እስከ ሰኔ ድረስ እየሸሸ ይሄዳል። በጥር መጨረሻ እናስረክባለን ብለው የተዋዋሉት ሥራ በሚያዝያ አጋማሽ ሲያልቅ ውኃው አርባ እርምጃ ያህል ርቆ ነበር። ስለዚህ የሁለት ወር ተኩል መዘግየት ክረምቱ ገብቶ ሐይቁ እስኪመለስ፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አስጠበቀኝ፤ የጥበቃውንም ሂሳብ ከእኔ ጠየቁ።

ከወለሉ በላይ ያለው ሥራ ደግሞ የመሬት ቤት ሥራ ነው። የዋንዛ አልጋዎቹና የኮምፐርሳቶ ግድግዳው አያሳፍሩም፤ ነገር ግን የ500 ሊትር ሮቶ፣ ልክ እንደ ግቢ ቤት፣ ጣሪያው ላይ ሰቀሉት። ሲሞላ ግማሽ ቶን ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ከክብራን ገብርኤል ስንመለስ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ከጎን ሲመታን ጀልባዋ አዘንብላ ለመቃናት ዘገየች፤ የሻይ ብርጭቆዎቹ ሁሉ ወለል ላይ አለቁ፣ እኔም ሮቶው ተከፍቶ ውኃው እንዲፈስ አዘዝኩ። በማግስቱ ዋናው በያጅ ራሳቸው መጥተው አይተው፣ ሮቶውን ከወለሉ ሥር አግብተው በትንሽ ፓምፕ እንዲሠራ አደረጉት፤ ከዚያ ወዲህ እንዲያ አላዘነበለችም። የመጸዳጃውንም ቱቦ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ሊለቁት አስበው ነበር። ከዚሁ ሐይቅ ቀድቶ የሚጠጣ ሰው እያለ ይህን ማሰባቸው አስቆጥቶኛል፤ ተከራክሬ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አስገጠምኩ።

ላሜራ ለማስቀየር ነገም ቢሆን ወደ እነሱ እሄዳለሁ፤ የውስጡን ክፍል ግን ለሌላ አናጺ እሰጣለሁ፣ ክብደት የት እንደሚያርፍም አስቀድሜ በወረቀት አስፈርማለሁ። የግራው መኝታ ክፍል መስኮት እስካሁን ዝናብ ያስገባል። ስደውልላቸው፣ «ጋሼ፣ ጥቅምት ላይ ስትወጣ እናየዋለን» አሉኝ፤ መስኮት ለማስተካከል ጀልባ ከውኃ መውጣት ለምን እንዳስፈለጋት ግን አልገባኝም።