ፍሎው ኢምፕሩቨር ያዋጣል ወይ?

ፍሎው ኢምፕሩቨር ማለት በኤርብራሽ (ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) ስንሠራ ቀለሙ ጫፉ ላይ ቶሎ እንዳይደርቅ የምንጨምርበት ፈሳሽ ነው። መልሱን ላስቀድም፤ ያዋጣል። የሚያዋጣው ግን ቀለሙን ቀድሞ በደንብ ላዘጋጀ ሰው ነው። ሳያማስልና ሳያጠልል ሁለት ጠብታ ጨምሮ ተአምር የሚጠብቅ ሰው ገንዘቡን ለሌላ ነገር ቢያውለው ይሻላል።

እኔ የምጠቀመው ቫሌሆ የተባለውን የቀለም ኩባንያ ምርት ነው። የምሠራው በአብዛኛው በ1/72 ስኬል (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ) የአውሮፕላን ሞዴል ነው፤ የኤርብራሼ ኖዝል (ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ) ደግሞ 0.3 ሚሊሜትር። በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ላይ በዓይን የማትታይ ቅንጣት እንኳን ሥራ ታስቆማለች።

መጀመሪያ ችግሩን እንየው። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ውስጥ በጣም ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች አሉ። ውሃው ሲተን እርስ በርስ ይጣበቁና ስስ ሽፋን ይሆናሉ። አንዴ ከደረቁ በኋላ ውሃ ቢፈስባቸውም አይሟሙም። ሞዴሉ ላይ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ጣጣው ኖዝሉ ውስጥ ባለው መርፌ ጫፍ ላይም መከሰቱ ነው። እየነፈሰ የሚያልፈው አየር ጫፉ ላይ የቀረችውን ቀለም ቶሎ ያደርቃታል። መስመሩ መሳሳት ይጀምራል፣ ከዚያ ይቆራረጣል፣ በመጨረሻ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ተፍ ይላል። የት? አምሮ ባለቀው ክንፍ ላይ ነዋ!

ፍሎው ኢምፕሩቨር የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። መድረቁን ያዘገየዋል፤ ቀለሙም ሳይቆራረጥ እንዲወርድ ይረዳል። ለአሥር ጠብታ ቀለም አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ይበቃኛል። ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ መርፌውን ለመጥረግ ቶሎ ቶሎ አላቋርጥም። በተለይ የፖሊዩሪቴን ፕሪመር (ከቀለሙ በፊት የሚረጭ መሠረት) ስረጭ ያለሱ አልጀምርም። ፍሎው ኢምፕሩቨር ቲነር (ቀለም ማቅጠኛ) ግን አይደለም። በቲነር ፈንታ አብዝቶ የሚጨምር ሰው አለ። ያኔ ቀለሙ ጥግ ጥጉ ላይ ይጠራቀማል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ በማስኪንግ ቴፕ (መቀባት የሌለበትን ቦታ በምንሸፍንበት ቴፕ) ሲነካም ሊላቀቅ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የብዙ ሰው ኤርብራሽ የሚደፈነው ቀለሙ ገና ጠርሙሱ ውስጥ እያለ ነው ባይ ነኝ። ቆሞ የከረመ ቀለም ፒግመንቱ (መልኩን የሚሰጠው ዱቄት) ከታች ይዘቅጣል። የማያብረቀርቁ ቀለሞች ደግሞ ማደብዘዣ ዱቄት ስላላቸው ይብስባቸዋል። መነቅነቅ ብቻውን ያንን ዝቃጭ አያነሳውም። አፉ ሰፊ ከሆነ በዘንግ ከሥሩ እየፋቅሁ አማስላለሁ። ማንጠባጠቢያ ያለው ከሆነ የማይዝግ ብረት ኳስ እጨምርበታለሁ። ዝገት የሚይዝ ኳስ ከገባ ግን ቀለሙን ደህና ሰንብት በሉት። በባትሪ የሚሽከረከር ማማሰያም ጥሩ ነው፤ ብቻ ጫፉ ቀለሙ ውስጥ ሳይገባ አታስነሱት። ግድግዳውን ጭምር ትቀባላችሁ።

ከዝቃጩ የሚብሰው የጠርሙሱ አፍ ላይ የደረቀው ቅርፊት ነው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እየተሰበረ ውስጥ ይገባል። ይህንን ቀለሙ ላይ የምትጨምሩት ነገር አያቀልጥላችሁም፤ ፍሎው ኢምፕሩቨርም ጭምር። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ቀለሙን በስስ ማጥለያ አሳልፉት። እኔ አዲስ ጠርሙስም አጠልላለሁ። «ለኤርብራሽ የተዘጋጀ» ተብሎ የተጻፈበት አንድ ቀለም፣ ስሙ ይቅርና፣ ገና ከመከፈቱ ማጥለያው ላይ ጓል ጥሎልኛል።

የምበጠብጠው በሌላ ትንሽ ኩባያ ነው። የግድ ኤርብራሹ ላይ ባለው ኩባያ መበጥበጥ ካለባችሁ ቲነሩን አስቀድሙ። ወፍራም ቀለም ቀድሞ ከገባ ሥሩ ላይ፣ መርፌው ዙሪያ ይተኛል፤ ከዚያ በኋላ ከላይ ምን ብታፈሱ አይደርስበትም። ውፍረቱስ? ሁሉም «ወተት ይምሰል» ይላል። የትኛው ወተት እንደሆነ ግን የሚነግራችሁ የለም። እኔ የኩባያውን ግድግዳ ነው የማየው። ቀለሙን ወደ ግድግዳው ገፋ ሳደርገው ስስ ሽፋን ትቶ እኩል ከወረደ ይሆናል። ተንጠልጥሎ ከቀረ ገና ነው። ምንም ሳይተው ከሸሸ በጣም ቀጥኗል።

ቲነሩ ከቀለሙ ጋር ይስማማ። የታሚያ ኩባንያ አክሪሊክ አልኮል ካለበት ከራሱ ቲነር፣ ከኤክስ-20ኤ፣ ጋር በደንብ ይሄዳል። የቫሌሆ ቀለም ላይ አልኮል ብትጨምሩ ግን ሊጓጎል ይችላል፤ የተጓጎለ ቀለም ደግሞ ኖዝል ውስጥ ከገባ ኤርብራሹን መፍታት ሊጠይቅ ነው። ስለማታውቁት ቅልቅል አንድ ጠብታ በኩባያ ሞክሩ።

ግፊቱን ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አደርጋለሁ። አልወጣ ሲል ግፊት መጨመር ያጓጓል፤ ይሁንና ብዙ አየር ጫፉን ጭራሽ ያደርቀዋል። ቀለሙን ትንሽ ማቅጠን ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መርፌው ጨርሶ አይደርቅም ማለት አይደለም። ረዘም ያለ ሥራ ላይ እርጥብ ለስላሳ ብሩሽ አጠገቤ አኖራለሁ፤ አየሩን ዘግቼ ጫፉን ዳሰስ አደርግና እቀጥላለሁ። በ0.2 ኖዝል ለሚሠራ ሰው ፍሎው ኢምፕሩቨር ቅንጦት አይደለም። በ0.5 ሰፊ ቦታ ብቻ ለሚሸፍን ግን ቲነርና ማጥለያ ሊበቁት ይችላሉ። ነጭ ቀለም የራሱ ጉድ አለው። ፒግመንቱ ብዙ ነውና ሦስተኛ ጠብታ ፍሎው ኢምፕሩቨር ብጨምርለትም በ0.3 አስቸግሮኛል። ለነጭ 0.5 ኖዝል ቀይሬ ተገላግያለሁ።