ማህፀኔን የጠረገችልኝን ዶክተር አብራችሁኝ አመስግኑልኝ

ይህን ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ስተወው ቆየሁ። ዛሬ ግን ይውጣልኝ። አንዲት እህቴ እንኳ አንብባው እኔ ካየሁት መንገላታት ብትተርፍ ደስ ይለኛል።

የ9 ሳምንት እርጉዝ ነበርኩ። የፅንሱ ልብ ቆሟል ተባለ። ግን በራሱ አልወጣም፤ ደም እንኳን ጠብ አላለኝም። ስለዚህ ማህፀንሽ መጠረግ አለበት አሉኝ። ይሁን፣ መጠረግ ካለበት ይጠረጋል። እኔን የጎዳኝ አነጋገራቸው ነው።

የመጀመሪያው ቦታ አልትራሳውንድ ያነሳኝ ሰውዬ በአንድ እጁ ስልኩን እየነካካ ነው «ልቡ አይመታም» ያለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። ወረቀት ሰጠኝና ውጪ ጠብቂ አለኝ። ውጪው ደግሞ ሆዳቸው የገፋ እናቶች ተራ የሚጠብቁበት ኮሪደር ነው። እዚያ መሀል ተቀምጬ፣ አጠገቤ ያለችው ሴት «ያንቺስ ስንት ወር ሆነው?» ብላ በፍቅር ስትጠይቀኝ ምን ብዬ ልመልስላት? ስሟ እስኪጠራ ድረስ መሬት መሬቱን ሳይ ቆየሁ።

ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ የጠየቁኝ «ምን ከባድ ነገር አንስተሽ ነው?» ብለው ነው። ሲያመኝ ያድራል ወይ፣ ማደንዘዣ አለው ወይ፣ ወደፊት መውለድ እችላለሁ ወይ ብዬ ብጠይቅ «ስትገቢ ታይዋለሽ» የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። ይህን የምትለኝ ራሷ ሴት ናት። እያለቀስኩ ወጣሁ።

ጓደኛዬ ናት በግድ ጎትታ ወደዚህች ዶክተር የወሰደችኝ። እኔማ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ዶክተሯ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «በጣም አዝናለሁ እህቴ» አለችኝ። ከዚያ እንደገና በአልትራሳውንድ ላረጋግጥ አለች፤ ከመጀመሯ በፊት ግን «ማየት ትፈልጊያለሽ ወይስ ስክሪኑን ላዙረው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዙሪው አልኳት። አዞረችው። ሲያልቅ ደግሞ ሳልጠይቃት «ያነሳሽው ዕቃም፣ የሄድሽበት መንገድም አይደለም» አለችኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚቋረጡ ፅንሶች ግማሽ ያህሉ የክሮሞዞም ችግር ያለባቸው ናቸው፣ እናትየው ልታስቀረው የምትችለው ነገር አይደለም ብላ አስረዳችኝ። ያን ሁሉ ቀን ደረቴ ላይ የተጫነኝ ነገር ያኔ ነው ቀለል ያለው።

ምርጫ እንዳለኝም የሰማሁት ከእሷ ነው። በራሱ እስኪወጣ መጠበቅ ይቻላል፣ በመድኃኒት ማስወጣት ይቻላል፣ መጠረግም ይቻላል። ከእሷ በፊት ይህን የነገረኝ የለም። መጠበቁን አልቻልኩትም፤ ይጠረግልኝ አልኩ።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልገባኝም፣ የገባኝን ልንገራችሁ። እኔ በስለታም ብረት ይፋቃል ብዬ ነበር ስንቀጠቀጥ የከረምኩት። እሷ ግን መርፌ የሌላት ትልቅ የላስቲክ ስሪንጅና ቀጭን ቱቦ አሳየችኝ፤ በዚህ ተመጥጦ ነው የሚወጣው አለች። በኋላ ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆች 2012 ባወጣው መመሪያ በስለታም ብረት መፋቅ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ በመምጠጫ ወይም በመድኃኒት ይተካ ብሏል። መምጠጫው እስከ 12፣ 14 ሳምንት ድረስ ለሆነ እርግዝና ነው። እህቶቼ፣ በምን እንደሚሠራላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አልጋው ላይ ከወጣሁ በኋላ ያለችኝን መቼም አልረሳውም። «እጅሽን ካነሳሽ አቆማለሁ። ምክንያቱን መናገር የለብሽም» አለችኝ። ሐኪም እንዲህ ይላል፣ ግን ማን ያቆማል ብዬ አሰብኩ። ማደንዘዣውን ወጋችኝ፣ «አሁን ቀዝቃዛ ነገር ይሰማሻል»፣ «አሁን እንደ ወር አበባ ቁርጠት ይመጣል» እያለች አንድም ነገር ሳትነግረኝ አትነካኝም። መሀል ላይ ፍርሃት ያዘኝ። ከሕመሙ በላይ ፍርሃቱ ነው። እጄን አነሳሁ።

አቆመች። ወዲያው። አልተቆጣችም፣ «ትንሽ ነው የቀረው» አላለችኝም። ሲስተሯ ግንባሬን በሶፍት ጠረገችልኝ፣ ዶክተሯ ደግሞ እጇን ሰብስባ ዝም ብላ ጠበቀችኝ። እስክረጋጋ አተነፋፈሴን እያየች ነበር። «ዝግጁ ስትሆኚ» አለች። ቀጥይ ስላት ቀጠለች፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። ሐኪሞች ሆይ፣ ያቺ ትንሽ ማቆም ለተኛችው ሴት ምን ማለት እንደሆነች ብታውቁ!

ከመሸኘቷ በፊት አደገኛ ምልክቶቹን በእጅ ጽፋ ሰጠችኝ፣ ጽሑፏ ደግሞ የሚነበብ ነው። በሰዓት ሁለት ትልልቅ ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ፣ በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም ካለ ሌሊትም ቢሆን ነይ አለች። የመፀነስ አቅምሽ ቶሎ ሊመለስ ይችላል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንኳን እርግዝና ሊፈጠር ስለሚችል ካልፈለግሽ ከአሁኑ ተጠንቀቂ ብላም መከረችኝ። የደም ዓይነቴንም ጠየቀችኝ፤ ኔጋቲቭ ለሆነች ሴት መርፌ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ አሉ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ራሷ ደወለች። «እንዴት አደርሽ? ደሙስ?» ብላ። እኔ ያልደወልኩላትን እሷ ደወለች!

ባለቤቴ ስልኩን ተቀብሎ ሲያመሰግናት ድምፁ ተቆራረጠ። እሱም ከእኔ ጋር ሲንከራተት የከረመ ሰው ነው፣ አንተስ እንዴት ነህ ያለው ግን አልነበረም። እሷ አለችው።

ፈቃዷን ስላልጠየቅኩ ስሟን እዚህ አልጽፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ እመልሳለሁ። ይህ ነገር የገጠማት እህት፣ ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ ካለቻችሁ ላኩላት። እባካችሁ ብቻዋን አትሂድ፣ እባካችሁ እኔ ወደሄድኩባቸው ዓይነት ቦታዎች አትሂድ። ወደዚህች ዶክተር ትሂድ።

ዶክተር፣ ይህን ካነበብሽው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተርንም ሰላም በይልኝ።