የፕሊከርስ ካርድ ተማሪ በበዛበት ክፍል ይሠራል?

«ገባችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፤ ያልገባው ልጅ እዚያው ጩኸት ውስጥ ይደበቃል። ፕሊከርስ የተባለው የስልክ መተግበሪያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው መልሱን በወረቀት ካርድ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ መምህሩ የስልኩን ካሜራ በክፍሉ ላይ ሲያዞር ማን ምን እንደመለሰ በስም ይወጣለታል። ስልክ የሚያስፈልገው ለመምህሩ ብቻ ነው። ካሁት የተባለው የጥያቄ ጨዋታ የተማሪ ስልክ ወይም ታብሌት ይፈልጋል፣ ለፈጠነም ነጥብ ይጨምራል። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ፕሊከርስ በብዙ ይሻላል።

ካርዶቹ ከድረ ገጹ በነፃ ይወርዳሉ። መደበኛው 40፣ ሰፋ ያለው 63 ካርድ ነው። እያንዳንዱ ካርድ የራሱ ቁጥርና ከሌሎቹ የተለየ ጥቁር ቅርጽ አለው፤ በአራቱ ጎኖቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ በደቃቁ ተጽፈዋል። ከላይ የሆነው ፊደል መልሱ ነው። ቅርጹ ከካርድ ካርድ ስለሚለያይ ከጎን አይቶ መኮረጅ ይከብዳል። የካርዱን ቁጥር ከተማሪው ተራ ቁጥር ጋር አንድ ማድረግ ብዙ ግርግር ያስቀራል።

ስስ ወረቀት ላይ የታተመ ካርድ ይለመጣል፣ ካሜራውም አያነበውም፤ ካርቶን ላይ ይለጠፍ። የሚያብለጨልጭ ላሚኔሽን የመስኮቱን ብርሃን ስለሚመልስ ባይደረግ ይመረጣል። ጣት ጥቁሩን ቅርጽ ከነካ ካርዱ አይነበብም፤ ተማሪዎች ጠርዙን ብቻ እንዲይዙ ማለማመድ ያስፈልጋል። በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት ግን ሌላ ነው፦ ልጁ ፊደሉን ወደ ራሱ አድርጎ ይመርጥና ካርዱን ወደ መምህሩ ሲያዞር ከላይ ወደ ታች ይገለብጠዋል። ያን ጊዜ የሚነበበው በተቃራኒው ጎን ያለው ፊደል ነው። እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን መገልበጥ እንዳለበት አስቀድሞ ይታይ።

ፕሮጀክተር ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ በስልክ ብቻ መቃኘት ይቻላል፤ የስልኩ ኢንተርኔት ግን የግድ ነው። ፕሮጀክተር ካለ ደግሞ ቅኝቱ ሳያልቅ የመልሶቹን ግራፍ አታሳዩ፤ ልጆቹ ብዙኃኑን አይተው ካርዳቸውን ያዞራሉ።

የመሣሪያው ጥቅም ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው በተሳሳቱት ምርጫዎች ነው። 2/3 + 1/4 ስንት ነው ብለን ኤ 3/7፣ ቢ 3/12፣ ሲ 11/12፣ ዲ 2/12 እንስጥ። ኤን ያነሳ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሯል። ቢን ያነሳ የጋራ ታህት አግኝቷል፣ ላዕሎቹን ግን አልቀየረም። ዲ ያለው አባዝቷል። ሦስቱ የሚፈልጉት ማብራሪያ የተለያየ ነው፤ ኤ ከበዛ ወደ ሥዕል ተመልሶ ክፍልፋይ ምን እንደሆነ ማስረዳት ይገባል፣ ቢ ከበዛ አንድ ተጨማሪ ምሳሌ ሊበቃ ይችላል። በዘፈቀደ የተሞላ ምርጫ ግን ማን እንደተሳሳተ ብቻ እንጂ ለምን እንደተሳሳተ አይነግርም።

ከክፍሉ ሲሶው ያህል ከተሳሳተ ትክክለኛውን መልስ ወዲያው አትናገሩ። ጎን ለጎን የተቀመጡት ለሁለት ደቂቃ ይከራከሩ፣ ከዚያ ካርዱ እንደገና ይነሳ። ሁለተኛውም ካልተስተካከለ ትምህርቱ በሌላ መንገድ ይደገም፤ ወደሚቀጥለው ርዕስ ማለፍ አያዋጣም። የተሳሳቱት ጥቂት ከሆኑ የመልመጃ ሰዓት ላይ አጠገባቸው መቀመጥ ነው፤ ስማቸው ስልኩ ላይ አለ።

ውጤቱን ማርክ ማድረግ ግን በፍጹም አንመክርም። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጋር የመጣው ተከታታይ ምዘና በብዙ ትምህርት ቤት ከ5 እና ከ10 የሚታረም የትንንሽ ፈተና ድምር ሆኖ ቀርቷል። ካርዱም ማርክ ከተያዘበት ልጁ ያሰበውን ትቶ ጎበዙን ተከትሎ ያነሳል። ደግሞም አራት ምርጫ ሲኖር ገምቶ የማግኘት ዕድሉ 25 በመቶ ነው። የአሠራር ደረጃም አይታይም፤ አልፎ አልፎ በቁራጭ ወረቀት አንድ ጥያቄ አሠርቶ በመውጫ ሰዓት መሰብሰብ ይህን ይሞላል።

ከ63 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ካርድ ለሁለት ይሰጥ፤ የእያንዳንዱ ተማሪ የግል መረጃ ይጠፋል፣ ውይይቱ ግን ይጠነክራል። ነፃው አካውንት በአንድ የጥያቄ ስብስብ ከ5 ጥያቄ በላይ አያስገባም። ለአንድ ክፍለ ጊዜ በደንብ የታሰበባቸው ሁለት ጥያቄዎች ስለሚበቁ ለሚከፈልበት አትቸኩሉ።