የኮርንዎል አሮጌ ማዕድን ማውጫዎች፦ ጋይድ መያዝ ያዋጣል ወይ?

እንግሊዝ ኮርንዎል የምትሄዱ ካላችሁ፣ ለግማሽ ቀን ቢች ምናምኑን ተዉትና ከቦታላክ ወደ ሌቫንት ገደሉን ይዞ የሚሄደውን የእግር ጉዞ በጋይድ አድርጉት። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2006 የመዘገበው የድሮ የቲን (ቆርቆሮ) እና የመዳብ ማውጫ አካባቢ ነው። ብቻችሁንም መሄድ ትችላላችሁ፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ ግን እውነቴን ነው የምላችሁ ያለ ጋይድ የምታዩት የፈረሰ ግንብና ጭስ ማውጫ ብቻ ነው፣ ፎቶ አንስታችሁ ትመለሳላችሁ፣ አለቀ። ከኛ ጋር ከነበሩት እዛ የተቀረፀ ተከታታይ ድራማ አይተው የመጡ ነበሩ፣ ፍርስራሹ ቤተ መንግስት የመሰለውም አንድ ሰውዬ አልጠፋም ሃሃ።

ጋይዳችን ገና ከመጀመራችን አንዱ የሞተር ቤት ፍርስራሽ ስር አቁሞን «ወፍራሙ ግድግዳ የቱ ነው?» አለ። ዞር ዞር ብለን ስናይ ለካ አንዱ ጎን ከሌሎቹ በጣም ይወፍራል። ያን ሁሉ ቶን የሚመዝነውን አግዳሚ ብረት የተሸከመው እሱ ነው፣ ግማሹ ቤት ውስጥ ከእንፋሎት ሞተሩ ጋር ተያይዞ ግማሹ ውጪ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወጥቶ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ እያለ ከማውጫው ውሃ ይስባል። ስለዚህ ቤቱ ሞተሩን ከዝናብ ለመከለል ብቻ የተሰራ አይደለም፣ ራሱ የሞተሩ አካል ነው። ውሃው ደግሞ ቀልድ አልነበረም፣ የሌቫንት ዋሻ ከባህሩ ስር ከአንድ ማይል በላይ ገብቷል፣ ማዕበል ሲነሳ ሰራተኞቹ ከራሳቸው በላይ ባህሩ ወለል ላይ ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማቸው ነበር አሉ። እኔ አንድ ቀን አላድርም!

ቦታላክ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ግንብ አርሰኒክ የሚባለው መርዝ የሚሰበሰብበት ነበር። ድንጋዩ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ እዛ ውስጥ እየዞረ ሲቀዘቅዝ አርሰኒኩ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ከዛ ሰው ገብቶ በእጁ ይፍቀዋል። መከላከያቸው አፍንጫ ውስጥ የሚወተፍ ጥጥና ቆዳ ላይ የሚቀባ ጭቃ፣ በቃ።

ከሁሉ ዝም ያሰኘን ግን ሌቫንት ላይ ነው። ሰራተኛውን የሚያወጣና የሚያወርድ «ማን ኤንጅን» የሚባል ነገር ነበር፣ ጉድጓዱ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚል ረጅም የእንጨት ዘንግ፣ መርገጫ ያለው፣ ዘንጉ ከፍ ሲል አብረህ ትወጣለህ፣ ጎን ያለው ማረፊያ ላይ ትረግጣለህ፣ ዘንጉ ወርዶ ሲመለስ ቀጣዩን መርገጫ ትይዛለህ፣ እንዲህ እያልክ በጨለማ እስከ ላይ። ጥቅምት 20 ቀን 1919 (በፈረንጆቹ) ዘንጉን ከሞተሩ የሚያያይዘው ብረት ተሰበረና ሰው እንደተሳፈረበት ወደ ታች ሄደ፣ 31 ሰው ሞተ። ጋይዱ ይሄን ሲናገር ድምፁን እንኳን ከፍ አላደረገም፣ ያ ነገሩን የበለጠ ከባድ አደረገው። ከዛ በኋላ ጥልቁን ክፍል ትተውት ማውጫው በ1930 ተዘጋ።

አሁን ቅሬታዬ። ግሩፑ በዝቶ ነበር፣ ከኋላ የቀረ ሰው ነፋሱ እያፏጨበት ግማሹን አይሰማም፣ የጆሮ ማዳመጫ ቢሰጡ ምን ነበረበት? ሁለተኛ፣ ከጉድጓዱ ውጪ ቁጭ ብለው ድንጋይ በመዶሻ ሲፈልጡ ስለኖሩት ሴቶችና ትናንሽ ልጃገረዶች ሁለት ዓረፍተ ነገር ብሎ አለፈ፣ ስለ ሞተር ግን መቼም አይጠግብ! ጠይቀነው ነው ትንሽ የጨመረልን፣ ጠይቁ፣ ሲጠየቅ ብዙ ያውቃል። በዚህ ምክንያት ከአምስት አራት ኮከብ።

ጉልበት ከተረፋችሁ ትንሽ አለፍ ብሎ ጊቨር የሚባል ማውጫ አለ፣ እስከ 1990 ሲሰራ የነበረና አሁን ሙዚየም የሆነ፣ ዋሻ ውስጥ ያስገባሉ፣ ረጅም ሰው ከሆናችሁ ግን ወገባችሁን አስቡበት። ሌቫንት ያለው የ1840 ሞተር አሁንም በእንፋሎት ይሰራል፣ ሁሌ ስለማይነሳ የሚነሳበትን ቀን አጣርታችሁ ሂዱ። ጃኬት በበጋም ያዙ፣ ስኒከር ሳይሆን የሚይዝ ጫማ፣ ልጅ ካላችሁ ደግሞ እጁን አትልቀቁ፣ ከመንገዱ ወጣ ካሉ ያልተደፈነ ጉድጓድ አለ።