የአሮጌ አይሱዙ ጋቢና ውሃ ማስገባት፣ አዳማ ወንጂ መውጫ ያለው ጋራዥ እንዴት እንዳስቆመልኝ

ሰላም ለሁላችሁም። የምነዳው አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር ነው፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጋቢናው ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ረዳቴ እግር ስር ይጠራቀማል፣ ምንጣፉ አይደርቅም፣ ሻጋታው ይሸታል። አምና ሐምሌ ላይ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጭኜ ስወጣ ዝናቡ መሀል የመጥረጊያው ፊውዝ ተቃጠለ። ምንም አይታየኝም፣ ከኋላዬ ተሳቢ እየመጣ ነበር፣ እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። የፊውዝ ሳጥኑን ስከፍተው ውሃ ገብቶበት አረንጓዴ ሆኗል።

ከዛ በፊት ሁለት ጋራዥ ወስጄዋለሁ፣ ሁለቱም መኪናውን ገና እንዳዩት ሲሊከን አምጥተው በፊት መስታወቱ ጎማ ዙሪያ ለቀለቁት። አንድ ወር ይቆማል፣ ከዛ እንደገና ያው።

ወንጂ መውጫ ያሉት ባትላሜራ (የመኪና ቆርቆሮ አካል) ሰሪ ግን ሌላ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። "ልጄ መጀመሪያ ምንጣፉን በሙሉ አውጣው" አሉኝ። ወለሉን በጨርቅ አደረቁና ከዳሽቦርዱ ስርና በበሩ ዙሪያ የህፃን ፓውደር በተኑ፣ አንዱ ልጅ ውጪ ቱቦ ያዘ፣ እሳቸው የእጅ ባትሪ ይዘው ውስጥ ተጋደሙ። ውሃውን ከታች ነው ያስጀመሩት፣ የበሩ ስር፣ ከዛ የመስታወቱ የታች ጠርዝ፣ ከዛ ጎንና ጎኑ፣ ጣሪያው መጨረሻ ላይ። ለምን ስላቸው "ከላይ ካፈሰስክማ ሁሉም ይርሳል፣ በየት እንደገባ በምን ትለያለህ?" አሉኝ። የመስታወቱ ቀኝ ጥግ ጋ ሲደርስ ፓውደሩ ላይ ቀጭን መስመር እየሳበ ሲወርድ በአይኔ አየሁት። ጣሪያው ላይ ካለችው ትንሿ መብራት ስርም ጠብ ጠብ ይል ነበር፣ ያ ውሃ በጣሪያው ልባስ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ በምሰሶው በኩል ነው ታች የሚደርሰው፣ እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ከበሩ ነው የሚመስለኝ።

መስታወቱ ሲወጣ ጎማው በአዳማ ፀሐይ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኗል፣ አጠፍ ስታደርጉት ይሰነጠቃል። ከስሩ ያለው ላሜራ ደሞ ተበልቶ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ ወጥቶበታል። ሲሊከኑ ውሃውን ውስጥ አፍኖ ይዞት ነበር፣ ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው አይነት ደሞ ሲደርቅ አሲድ ስለሚያወጣ ባዶ ብረት ላይ ሲያርፍ ዝገቱን ያባብሳል። እባካችሁ ጋቢና ላይ እሱን አታስቀቡ!

የበሰበሰውን ቆርጠው አዲስ ላሜራ በየዱ፣ ዝገት መከላከያ አንቲረስትና ቀለም ቀቡ፣ የመብራቷንም ጎማ ቀየሩ። የመስታወቱን ጎማ እኔ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጣሁት። አገጣጠሙን ቆሜ ነው ያየሁት። በጎማው ቦይ ዙሪያውን ሲባጎ አስገብተው ሳሙና ውሃ ቀቡት፣ ሁለት ልጆች ከውጪ በመዳፍ መስታወቱን ይገፋሉ፣ ጋሼ ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያሉ ሲስቡት የጎማው ከንፈር እየተገለበጠ ላሜራው ላይ ይቀመጣል። ጥግ ጋ ሲደርሱ ማንም አያወራም፣ እዛ ጋ ከተቸኮለ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ከዛ እንደገና በቱቦ ፈተሹት፣ ፓውደሩ ደረቅ እንዳለ ቀረ።

የእጅ 11 ሺህ ብር፣ ጎማው 4 ሺህ 500። ርካሽ አይደለም ግን ለእኔ ተገቢ ነው፣ ለሲሊከንና ለተቃጠለ ሽቦ ከዛ በላይ አውጥቻለሁ። ቅር ያለኝ ሁለት ቀን ተብሎ አራት ቀን መፍጀቱ ነው፣ አራት ቀን ያለስራ ቆምኩ። ደሞ ግቢው መጠለያ የለውም፣ ቀለሙ ሳይደርቅ የአዳማ ንፋስ አቧራ አልብሶት አንዱ ጎን እንደገና ተቀባ። ይሄን ቢያስተካክሉ ጥሩ ነው።

ሌላው፣ በሩ ስር ያሉት ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው ነበር፣ ጋሼ በሽቦ ከፈቱልኝ፣ አላስከፈሉኝም። እሱን እንኳን ራሳችሁ ቤት ልትሰሩት ትችላላችሁ፣ በሩ ውስጥ ውሃ ከቆመ ከስር ነው የሚበሰብሰው። መሄድ የምትፈልጉ ግንቦት ሳያልቅ ሂዱ፣ ሐምሌ ላይ ወረፋው አይቻልም።

ዘንድሮ ሦስት ከባድ ዝናብ መታው፣ ረዳቴ እግር ስር ደረቅ ነው። የማርሽ ዘንጉ ላስቲክ ጋ ብቻ ውሃ ያለበት መንገድ ስሻገር ከስር ትንሽ ይረጫል፣ ጋሼ "እርጥብ እንዳለ አምጣው፣ ደርቆ አላየውም" ብለውኛል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ይዤው እሄዳለሁ።