የጋዝ መኪና እሳት ሥልጠና በድሬዳዋ፦ ጠዋቱ የተዋጣለት፣ ከሰዓቱ የባከነ

ባለፈው ወር መጨረሻ የምሠራበት የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ከፍሎልን፣ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሄድ ተሽከርካሪ ሲቃጠል የእሳት አደጋ ሠራተኛው ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያስረዳ የአንድ ቀን ሥልጠና እዚሁ ድሬዳዋ ተከታትያለሁ። ቅሬታዬ ከምስጋናዬ ስለማያንስ የአቅራቢውን ስም አልጠቅስም፤ ሠራተኞቹን ለመላክ የሚያስብ ባለንብረት ግን በገንዘቡ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚቀርበት ቢያውቅ ይጠቀማል።

ጉዳዩ ለድሬ ሰው የሩቅ አይደለም። የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ሻይ ቤት በተቀመጡ ቁጥር የሚከራከሩት ስለ ጋዝ መኪና ነው። ክርክሩ ግን ስለ ነዳጅ ወጪ እንጂ፣ መኪናው መንገድ ላይ ቢነድ ማን ቀርቦ ምን እንደሚያደርግ አይደለም።

ጠዋት ሳቢያን አካባቢ ባለ አዳራሽ ሃያ ሁለት ሰዎች ተሰበሰብን፤ ግማሾቻችን ሹፌሮችና መካኒኮች፣ የቀሩት በሥራ ላይ ያሉ ወይም ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ሁላችንንም «እርስዎ» እያለ ሲጀምር ከኋላ የተቀመጡት ሳቁበት፤ ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይሠራ የነገረው አልነበረም። ሻይ እስኪደርስ እሱም «አንተ» ማለት ለምዶ ነበር።

መነሻ ያደረገው ግፊትን ነው። የከባድ መኪና ጎማ በ8 ባር ገደማ ተነፍቶ ሲፈነዳ ሰው እንደሚገድል ማንኛውም ጎሚስታ ያውቃል፤ ሲኤንጂ የሚባለው የታመቀ ጋዝ ደግሞ በሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጠው ከ200 እስከ 250 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። ለሁለት የተሰነጠቀ ሲሊንደር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በእጃችን እንድንዳስሰው አደረገ፤ ውስጡ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ጥንካሬው ያለው በላዩ በተጠመጠመው ጥቁር የካርቦን ክር ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ ሲሊንደር እንደ ብረት ሙቀት ስለማያስተላልፍ፣ እሳት አንዱን ጫፍ ሲበላው በሌላው ጫፍ ያለው የግፊት ማስተንፈሻ ሳይሞቅ ሊቆይ ይችላል።

የቀኑ ምርጥ ክፍል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሠልጣኙ አውራ ጣት የሚያህል የነሐስ ቡሽ አወጣ፤ ማስተንፈሻው ይህ ነው፣ ውስጡም በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚቀልጥ ብረት አለ፣ ብረቱ ሲቀልጥ ጋዙ መውጫ አግኝቶ ሲሊንደሩ ከመፈንዳት ይድናል። ቡሹን በሚፍለቀለቅ ውሃ ውስጥ ጥሎ ሩብ ሰዓት ያህል ቢያቆየውም ምንም አልሆነም። ቀጥሎም በጨርቅ አደራርቆ፣ በሽቦ አስሮ፣ ከአዳራሹ ደጅ ሳምቡሳ ከምትጠብሰው ሴት ድስት ውስጥ አወረደው። (ዘይቱን ሙሉ ከፍሎ ገዝቷታል፤ እሷ ግን ድስቴን አበላሸብኝ ስትል ዋለች።) ደቂቃ ሳይሞላ ግራጫው ብረት እንደ ሰም ሲንጠባጠብ አየን። «ውሃ ከመቶ ዲግሪ በላይ አይሞቅም፤ ታዲያ ሆዛችሁን እዚህ ቡሽ ላይ ካነጣጠራችሁ መቼ ይከፈታል?» ብሎ ሲጠይቅ አዳራሹ ጸጥ አለ። ያዳንን መስሎን የምናቀዘቅዘው ቡሽ እንደ ተዘጋ እሳቱ በሌላ በኩል ሲሊንደሩን ያደክመዋል ማለት ነው።

ቡሹ ቢከፈትም አደጋው መልኩን እንጂ ስሙን አይቀይርም። እ.ኤ.አ. በ2012 በኔዘርላንድስ ዋሰናር ከተማ አንድ የጋዝ አውቶቡስ ሲቃጠል፣ ከጣሪያው ሲሊንደሮች የወጣው ነበልባል ከ15 እስከ 20 ሜትር ድረስ ወደ ጎን ተወርውሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በአሜሪካ አርሊንግተን ሃይትስ በተቃጠለ ቆሻሻ ጫኝ መኪና ላይ ደግሞ ሲሊንደር ፈንድቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተጎድተዋል፣ በአካባቢው ያሉ ቤቶችም ጉዳት ደርሶባቸዋል። የሁለቱም ፎቶግራፍ ስለ ታየ ማብራሪያ ብዙም አላስፈለገም።

ለሃያ ዓመት ሆዝ የያዘ አንድ ጡረተኛ ግን ብድግ ብሎ፣ «እሺ፣ መኪናው ሲነድ ቆሜ ልይ? የመጋላ ሰው ቆሞ የሚያይ እሳት አጥፊን ዝም የሚል ይመስልሃል?» አለው። «ሰው ካለበት አውጣ፤ ከዚያ ሕዝቡን አርቅ፤ ውሃህን እሳቱ ሊዛመትበት ለሚችለው ቤትና መኪና አድርግ» የሚል መልስ ተሰጠው። ትክክል ነው፤ ሕዝቡን በሁለት ሰውና በአንድ ፊሽካ እንዴት እንደምናርቅ ግን አሠልጣኙም አልነገረን፣ የታተመው ጽሑፍም አይልም። ለእኛ ከተማ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ፣ በዚያ ፀሐይ፣ የተደረገው ልምምድ ጠዋት የተማርነውን ያፈረሰ ነው። ናፍጣ በትሪ ላይ ተለኩሶ በየተራ በዱቄት ማጥፊያ አጠፋን፤ ሁሉም እያጨበጨበ ፎቶ ተነሣ። የሚፈስ ጋዝ ግን ምንጩ ሳይዘጋ ነበልባሉ ብቻ ከጠፋ፣ የማይታይ ጋዝ ተከማችቶ ሌላ ብልጭታ ይጠብቃል፤ ቫልቩ ሊዘጋ ካልቻለ እንዲነድ መተው ይሻላል። ይህንኑ ጠዋት ነግሮን፣ ከሰዓት እጃችንን ተቃራኒውን አለማመደው። በጭንቅ ጊዜ ደግሞ የሚታዘዘው እጅ ነው።

የጋዝ መለኪያውም ባትሪው ሞቶ መጣ። በቃል ብቻ እንደ ተነገረን፣ የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ስለሚቀል በጋራዥ ውስጥ የሚፈለገው ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ነው፤ ወለል ላይ እንደሚተኛው ቡታጋዝ አይደለም። በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ የሚቀጣጠል መሆኑንም ጽፈን ያዝን። መሣሪያው ሲጮኽ ሰምተን ብንሄድ ኖሮ ግን ከማስታወሻው ይልቅ ድምፁ በልባችን ይቀር ነበር።

ትልቁ ጉድለት ኤልኤንጂ ለሚባለው ፈሳሽ ጋዝ ሃያ ደቂቃ ብቻ መሰጠቱ ነው። ካሉብ የሚያመርተው ይህንኑ ሆኖ ሳለ ቸኩሎ ማለፍ አይገባም ነበር። በ162 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚቀመጠው ይህ ፈሳሽ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ለታመቀው ጋዝ የሚጨመረው ሽታ ስለሌለው አፍንጫ አያስጠነቅቅም፤ ቀዝቃዛው ትነት ደግሞ መጀመሪያ ላይ ከአየር ከብዶ እንደ ጉም መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ወደ ላይ የሚነሣው ሲሞቅ ነው። በፈሰሰው ላይ ውሃ ማፍሰስ ትነቱን ያፋጥነዋል። የጋዝ መኪና መታወቂያ ምልክት ተብሎ የተሰጠንም መኪናው ላይ የሚለጠፈው የአሜሪካው ሰማያዊ ዳይመንድ ብቻ ነው፤ ከሌላ አገር የሚገባ፣ ከጅግጅጋ መንገድ አቧራ ለብሶ የሚመጣ መኪና በምን እንደሚለይ ስንጠይቅ «ሹፌሩን ጠይቁት» ተባልን። ሹፌሩ ከሸሸስ?

ክፍያው ምሳን ጨምሮ በሰው 3,500 ብር ነው። ለጠዋቱ ብቻ ቢሆን ሳላቅማማ እከፍለዋለሁ፤ ከአሥር ስምንት እሰጠዋለሁ፣ ለከሰዓቱ ሦስት ይበዛበታል። ለአቅራቢው ደውዬ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፤ ሳይከራከር ተቀብሎኛል። ለሚቀጥለው ዙር ስድስት ሹፌሮች አስመዝግበናል፣ ግን የናፍጣው ትሪ ቀርቶ፣ በቆመ መኪና ላይ ቫልቭ መፈለግና ሕዝብ ማራቅ እንዲለማመዱ፣ ለፈሳሹ ጋዝም ግማሽ ቀን እንዲመደብ በውሉ ላይ አስጽፈናል። የመለኪያውን ባትሪ ቻርጅ ማድረግንም ጭምር።